ሰባት አባት ቆጥረን ስንት እናት ረሳን?

ለአዲስ አንባቢያን በሬዲዮ ከተላለፈ ንግግር የተጻፈ

 

ፊደል ቆጥራችኋል። ስማችሁን መጻፍ ችላችኋል። የዛሬው ንግግራችን የሚጀምረው ከዚያው ከስማችሁ ነው። እርሳስና ደብተር አቅርቡ። ስማችሁን ጻፉ። ቀጥላችሁ የአባታችሁን ስም ጻፉ። ቀጥላችሁ የአያታችሁን ስም ጻፉ። ጻፋችሁ? እንግዲህ ሳታውቁት የሦስት ትውልድ ታሪክ ጻፋችሁ ማለት ነው።

በብዙ የውጭ አገር ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ስም ይይዛል። ያ ስም ሳይለወጥ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። የእኛ አገር ስም ግን እንደ ሰንሰለት ነው። አንዱ ቀለበት ሌላውን ይይዛል። ከመካከል አንድ ቀለበት ከወለቀ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ይጠፋብናል።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ሰንሰለት ነው። ስለ ዘር ሐረጋችን።

1. አያቶቻችን ሐረግ ለምን ይቆጥሩ ነበር?

ብዙዎቹ አያቶቻችን ፊደል አልቆጠሩም። አባት ግን ይቆጥሩ ነበር። ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት፣ ከዚያም ምንዥላት እያሉ ይወጡ ነበር። ይህ ለጨዋታ አልነበረም። ሁለት ትልልቅ ጉዳዮች ነበሩበት።

አንደኛው ጋብቻ ነው። በክርስቲያኑ ወግ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ ሰዎች አይጋቡም። ስለዚህ ሽማግሌ ሲላክ፣ በወንዱም በሴቷም ወገን ሐረግ ይቆጠራል። «ስንት ቤት ይገናኛሉ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ሁለተኛው መሬት ነው። ርስት በሚባለው ሥርዓት መሬት የሚገኘው ከዘር ነበር። አንድ ሰው «ድርሻ ይገባኛል» ካለ፣ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ፣ ስም በስም፣ በሽማግሌ ፊት መቁጠር ነበረበት። አንድ ስም ቢዘል ክርክሩን ሊረታ ይችላል፤ መሬቱን ያጣል። ድርሻው ደግሞ በአባትም በእናትም በኩል ይመጣ ነበር። ስለዚህ የሴት አያቶች ስምም ይታወስ ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይባል የነበረው በዚህ ነው።

በእኛ በወሎ ግን ሁሉም መሬት ርስት አልነበረም። በሰው መሬት ላይ በጢሰኝነት የሚያርስ ገበሬ ብዙ ነበር። እሱ አባቱን አሳምሮ ቢቆጥርም መሬት አያገኝም ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። ጢሰኝነት ቀረ። እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቆጥሮ መሬት መጠየቅም ቀረ። ይህ ለብዙ ደሀ ገበሬ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሐረግ ቆጣሪው ሽማግሌ ጠያቂ አጣ። ልጆች መጠየቅ ተዉ። ሽማግሌው ሲሞት የያዘው ስም ሁሉ አብሮት ተቀበረ።

2. ሁለት ስም፣ አንድ ሰው

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ስማር፣ የታሪክ መምህራችን የቤት ሥራ ሰጠን። «ሂዱና ሰባት አባት ቆጥራችሁ ጻፉ» አለን። እኔም ለዕረፍት ወደ ኩታበር ስመለስ ደብተር ይዤ ዘመድ ቤት ዞርኩ።

መጀመሪያ የአባቴን አጎት ጠየቅኳቸው። እስከ አምስት ድረስ ቆጠሩልኝ። ጻፍኩ። ቀጥዬ አክስቴን ጠየቅኳት። እሷም ቆጠረችልኝ። አራቱ ስሞች ከአጎታችን ጋር አንድ ሆኑ። አምስተኛው ግን ተለየ። እሳቸው የነገሩኝ የክርስቲያን ስም ነው። እሷ የነገረችኝ የሙስሊም ስም ነው። «ተሳስተሻል» አሏት። «እርስዎ ነዎት የተሳሳቱት» አለቻቸው። በቡና መካከል ክርክር ተነሣ።

እኔም ግራ ገባኝ። ኋላ ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ስሙን ትቼ ሌላ ሌላውን ጠየቅኩ። ሚስቱ ማን ነበረች? የት ተቀበረ? ስንት ልጅ ወለደ? ሁለቱን ለየብቻ ጠየቅኳቸው። ሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ሰጡኝ። ሚስትየዋ አንድ ናት። መቃብሩ አንድ ነው። ልጆቹም እነዚያው ናቸው። ለካ የሚከራከሩት ስለ አንድ ሰው ኖሯል! ሰውየው ሁለት ስም ነበረው።

ቀጥሎ አክስቴ ከሣጥን ውስጥ አንድ የቆየ የግብር ደረሰኝ አወጣች። ጫፉን አይጥ በልቶታል። በላዩ ላይ የአንዱ አያታችን ስም ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ተጽፏል። ሦስተኛው ስም አክስቴ ያለችው የሙስሊሙ ስም ነበር። አክስቴ ማንበብ ስለማትችል፣ ያን ወረቀት ዕድሜ ልኳን ስታስቀምጠው ምን እንደሚል አላወቀችም ነበር። ሳነብላት አለቀሰች።

ታዲያ አንድ ሰው እንዴት ሁለት ስም ያዘ? መልሱ ከቤታችን ብዙ አይርቅም።

3. በቦሩ ሜዳ የተለወጠ ስም

ከደሴ ወደ ኩታበር አቅጣጫ ስንወጣ ቦሩ ሜዳን እናገኛለን። በ1870 ዓ.ም. በግንቦት ወር በዚህ ሜዳ ላይ ትልቅ ጉባኤ ተደረገ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነበሩ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። ጉባኤው በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መካከል የነበረውን የሃይማኖት ክርክር ቆረጠ። ንጉሠ ነገሥቱም የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ አዘዙ።

ከወሎ መሪዎች ሁለቱ ያን ጊዜ ተጠመቁ። ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተባሉ። የክርስትና አባታቸው ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ። ሌላው ኢማም አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተባሉ። የእሳቸው የክርስትና አባት ደግሞ ምኒልክ ሆኑ።

ተራው ሕዝብስ? አንዳንዱ ተጠመቀ። አንዳንዱ እምቢ አለና ተሰደደ። ሼህ ጦልሐን የመሳሰሉ ዑለማዎች ተቃወሙ። አንዳንዱ ደግሞ ቀን በአንድ ስም፣ ማታ በሌላ ስም ይጠራ ነበር። ከዘመኑ በኋላ ወደ ቀድሞው ሃይማኖቱ የተመለሰም፣ በክርስትናው የጸናም አለ። በዚህም ምክንያት በወሎ አንድ አያት በአንዱ ልጁ ቤት በሙስሊም ስሙ፣ በሌላው ልጁ ቤት በክርስቲያን ስሙ ሊታወስ ይችላል። ሐረጉ የተቆረጠ የሚመስለን እዚህ ላይ ነው። ግን ስም ተለወጠ እንጂ ሐረግ አልተቆረጠም።

የመሐመድ አሊን ነገር ተከትለን እንይ። ታሪካቸው በመጽሐፍ ስለተጻፈ መንገዱ ግልጽ ነው። አባታቸው የወረ ሂመኖው ኢማም አሊ ናቸው። በፈረስ ስማቸው አባ ቡላ ይባላሉ። ልጃቸው መሐመድ አሊ በቦሩ ሜዳ ሚካኤል ከተባሉ በኋላ ራስ ሆኑ። ደሴን ዋና ከተማቸው አደረጉ። በ1888 ዓ.ም. የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ዐድዋ ዘመቱ። የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ። በግንቦት 1906 ዓ.ም. የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተባሉ።

እንግዲህ የእኚህን ሰው ስሞች ቁጠሩ። መሐመድ አሊ፣ ራስ ሚካኤል፣ ንጉሥ ሚካኤል። በፈረስ ስማቸው ደግሞ አባ ሻንቆ። አንድ ሰው ናቸው፤ አራት መጠሪያ አላቸው። ይህን የማያውቅ ሰው አራቱን በተለያየ ቦታ ቢሰማ አራት ሰዎች ይመስሉታል።

4. የሚካኤል የልጅ ልጅ

ንጉሥ ሚካኤል ከሌላ ሚስታቸው ወይዘሮ ስሂን የምትባል ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ወይዘሮ ስሂን የአምባሰሉን ጃንጥራር አስፋውን አገባች። በ1883 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለደች። ይህች ልጅ መነን አስፋው ናት። መነን በ1903 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንን አገባች። ተፈሪ ኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሲባሉ፣ እሷም እቴጌ መነን ተባለች። ልጃቸው አስፋ ወሰን አልጋ ወራሽ ሆነ።

ሐረጉን ከላይ ወደ ታች እንጻፈው፦

ኢማም አሊ (አባ ቡላ)
መሐመድ አሊ (ንጉሥ ሚካኤል)
ወይዘሮ ስሂን ሚካኤል
እቴጌ መነን አስፋው
አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን

አያችሁ? የክርስቲያኑ ንጉሠ ነገሥት አልጋ ወራሽ፣ ሐረጉ በእናቱ በኩል ሲቆጠር ከወሎ ኢማም ይደርሳል።

አሁን ደግሞ ወደ 1909 ዓ.ም. እንመለስ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። ከተከሰሱባቸው ነገሮች ዋናው «ሰልሟል» የሚል ነበር። የአባታቸው የትውልድ ሃይማኖትም ተነሣባቸው። ሐረጋቸውን ከነቢዩ መሐመድ ጋር የሚያገናኝ ጽሑፍ አሠርተዋል ተብሎም ተወራባቸው። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ተነሡ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ከሸዋ ጦር ጋር ተዋጉ። ብዙ ሰው አለቀ። ሚካኤል ተሸነፉና ተማረኩ። በእስር እንዳሉም ዐረፉ።

በአሸናፊው ወገን የነበሩት ተፈሪ ግን የሚካኤልን የልጅ ልጅ ያገቡ ሰው ነበሩ! መነን ለልጅ ኢያሱ የእኅታቸው ልጅ ናት። ስለዚህ ሰገሌ ላይ የተዋጉት ባዕዳን አልነበሩም። ዘመዳሞች ነበሩ። «ዘሩ እንዲህ ነው» ተብሎ አንዱ ሲከሰስ፣ ያው ዘር በሌላኛው ቤት ውስጥ ልጅ እያሳደገ ነበር።

ይህ የነገሥታት ታሪክ ብቻ አይደለም። በመንደራችንም አለ። አንድ ሰው በሌላው ዘር ላይ ክፉ ሲናገር ስሰማ፣ «ወንድሜ፣ የእናትህን ወገን ቆጥረሃል?» ልለው እወዳለሁ።

5. ሂሳቡን እንሥራ

አሁን ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። እያንዳንዱ ሰው 2 ወላጆች አሉት። 4 አያቶች አሉት። ከዚያ በላይ 8 ናቸው። ከዚያ 16፣ 32፣ 64 እያለ ይሄዳል። በሰባተኛው ደረጃ 128 ይሆናሉ። ሁሉንም ከ2 ጀምረን ብንደምር 254 ሰዎች ናቸው። ዘመዳሞች ተጋብተው ከሆነ አንዱ ሰው ሁለት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል። ያም ሆኖ ቁጥሩ ትልቅ ነው።

«ሰባት አባት ቆጠርኩ» የሚል ሰው ከ254 ሰዎች የሚያውቀው 7 ብቻ ነው። 247 ሰዎች ቀሩ። ከቀሩት ውስጥ 127ቱ ሴቶች ናቸው። አንዲት እናት እንኳ አልተቆጠረችም።

አንዲት በማታ ትምህርት የማስተምራቸው እናት ነበሩ። የአባታቸውን ወገን እስከ ሰባት ድረስ ሳይተነፍሱ ቆጠሩልኝ። «እማማ፣ የእናትዎን እናት፣ የእሷንም እናት ይንገሩኝ» አልኳቸው። ሦስተኛዋ ላይ ዝም አሉ። ጥቂት ቆዩና፣ «ልጄ፣ እኔስ እንደዚህ ነው የምረሳው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሴት በሐረግ ውስጥ ትንሽ ነገር አይደለችም። ልጅ ኢያሱን ለምኒልክ ዙፋን ያበቃቸው የእናታቸው የሸዋረጋ ዘር ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ከሸዋው ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ የሚወለዱት በአባታቸው እናት በወይዘሮ ተናኘወርቅ በኩል ነው። እነዚህን ሴቶች ከሐረጉ ብናወጣቸው የዙፋኑ ታሪክ ራሱ አይገባንም።

6. እንዴት እንጽፍ?

እንግዲህ ሥራ እንጀምር። ዘዴው ከባድ አይደለም።

በመጀመሪያ ከራሳችሁ ጀምሩ። ደብተሩን ለሁለት ክፈሉት። በአንድ ወገን የአባት፣ በሌላው የእናት ይሁን።

ቀጥሎ አዛውንቶችን ጠይቁ። ነገ ሳትሉ ዛሬ ጠይቁ። ሁለት ሰዎችን አንድ ላይ አትጠይቁ። አንዱ ሌላውን ሰምቶ «አዎ፣ እንደሱ ነው» ይላልና። ለየብቻ ጠይቃችሁ አስተያዩ። ስም ብቻም አትጠይቁ። የዓለም ስሙ፣ የክርስትና ስሙ፣ የፈረስ ስሙ ማን ነበር? ማንን አገባ? የት ኖረ? የት ተቀበረ?

ሦስተኛ፣ ዘመኑን ፈልጉ። ብዙ አዛውንት የተወለዱበትን ዓመት አያውቁም። በአንድ ትልቅ ነገር ግን ያስታውሱታል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብት ያለቀበት ክፉ ቀን ነበር። ዐድዋ በ1888፣ ሰገሌ በ1909 ነው። የኅዳር በሽታ በ1911 ነው። ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን የደበደበው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከዚያም የ1965 እና የ1966፣ ኋላም የ1977 ዓ.ም. ረኃብ አለ። «አባቴ በኅዳር በሽታ ጊዜ የስምንት ዓመት እረኛ ነበረ» ካሏችሁ፣ ከ1911 ላይ 8 ቀንሱ። 1903 ይሆናል። በግምት የተወለደበትን አገኛችሁ።

አራተኛ፣ ወረቀት ፈልጉ። በቤት ውስጥ የግብር ደረሰኝ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት፣ የጋብቻ ውል ሊኖር ይችላል። በዳዊት ወይም በቁርኣን ባዶ ገጽ ላይ የልጆች ልደት የሚጽፉ ቤተሰቦች አሉ። በአብያተ ክርስቲያናት በወንጌል መጽሐፍ ዳርና ዳር የመሬት ስጦታና የምስክሮች ስም ይጻፍ ነበር። በወሎ ዑለማዎች ዘንድ ደግሞ አማርኛን በዐረብ ፊደል የመጻፍ ልማድ አለ። የማታነቡት ጽሑፍ ካገኛችሁ አትጣሉት። የሚያነብ ሰው ፈልጉ። የቀበሌ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ ግን ለድሮው ሰው አይረዳችሁም። አዋጁ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። ምዝገባው የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ለልጆቻችሁ ግን ይጠቅማልና አስመዝግቧቸው።

አምስተኛ፣ ያላረጋገጣችሁትን ስም አጠገብ የጥያቄ ምልክት አድርጉ። አሌክስ ሄሊ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። በባርነት የተወሰደ አያቱን ፍለጋ እስከ ጋምቢያ ድረስ ሄደ። እዚያ ሐረግ ቆጣሪ ሽማግሌ አዳምጦ መጽሐፍ ጻፈ። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1976 የታተመው ይህ መጽሐፍ በዓለም ሁሉ ተነበበ። ብዙ ሰውንም አያቱን እንዲፈልግ አነሣሣ። በኋላ ግን አጥኚዎች ሰነዶችን ሲመረምሩ ብዙ የማይገጥም ነገር አገኙበት። እኛም የሰማነውን እናክብር፤ ደግሞም እናመሳክር።

በመጨረሻ፣ ማንንም አትሰርዙ። በድሮ ጊዜ «እሱ ባሪያ ነበር»፣ «እሷ ሸክላ ሠሪ ነበረች» እየተባለ ከሐረግ የወጣ ብዙ ሰው አለ። በምትካቸውም የትልቅ ሰው ስም ይገባ ነበር። እናንተ እንዲህ አታድርጉ። ሸክላ የሠራችው አያታችሁ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ሸክላ ነው። ስሟን ጻፉ። ሥራዋንም ጻፉ።

ውድ አዲስ አንባቢያን፣ ወረቀት ይቀደዳል፣ ይቃጠላል። ስለዚህ የጻፋችሁትን በሁለት ደብተር ገልብጡት። አንዱን እናንተ ያዙ። ሌላውን ለእኅታችሁ ወይም ለወንድማችሁ ስጡ። እኔም የጻፍኩትን ገልብጬ ለአክስቴ ሰጠኋት። ከዚያ ደረሰኝ ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። የምንዥላታችን ሁለቱም ስሞች ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ቀጥሎ የሚስቱ ስም አለ። አክስቴ አሁን ፊደል ጀምራለች። እስካሁን የምታነበው ያን የሴትዮዋን ስም ብቻ ነው።

ለሚቀጥለው ንግግር በሰላም ያገናኘን። ደህና ሁኑ።

መልመጃ

1. በርስት ሥርዓት ሐረግ መቁጠር ለምን ያስፈልግ ነበር?
2. መሐመድ አሊ በቦሩ ሜዳ ማን ተባሉ? በየትኛው ዓመት?
3. መነን አስፋው ለልጅ ኢያሱ ምናቸው ናት?
4. አንድ ሰው በ1928 ዓ.ም. የ12 ዓመት ልጅ ከነበረ፣ በየትኛው ዓመት ተወለደ?
5. የእናታችሁን፣ የእናታችሁን እናት፣ የእሷንም እናት ስም በደብተራችሁ ጻፉ። የማታውቁት ካለ ማንን ትጠይቃላችሁ?